የድብ ክንድ

ባለፈው ዓመት አክስቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ «ልጄ፣ ድብና ክንድ ምን አገናኛቸው?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ መልሱን እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። ቀልድ አልነበረም። የአሜሪካ ዜግነት ለማግኘት የሚሞላውን ቅጽ እያጠናች ነበር። ቅጹ ላይ፣ ሕጉ ካስገደደሽ ስለ አሜሪካ «ቤር አርምስ» ለማድረግ ፈቃደኛ ነሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አክስቴ ደብተሯ ላይ «ቤር ማለት ድብ»፣ «አርም ማለት ክንድ» ብላ ከጻፈች ወራት አልፈዋል። ሁለቱንም ቃላት ታውቃቸዋለች። አንድ ላይ ሲመጡ ግን «የድብ ክንድ» ሆኑባት።

ጥያቄው የጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃደኛ ነሽ ወይ ነው የሚለው።

ስቀናል፣ አልዋሽም። ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነገር ቀላል አይደለም። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው ቅጹን ይዞ ይጠይቃታል፤ ከመሀሉ አንዱን ቃል መዝዞ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሊላትም ይችላል። እንግሊዝኛ መናገር መቻል አለመቻሏ የሚለካው እዚያው ነው። ዓመታት የተጠበቀ ነገር በሁለት አጫጭር ቃላት ሊደናቀፍ ነው። ቃላቱን ጨርሶ ባታውቃቸው ኖሮ «አላውቅም፣ ድገምልኝ» ትላለች። የሷ ችግር ግን ማወቋ ነው።

እንዲህ ያወቀችው ከየት ነው? ከስልኳ።

እነዚህን ቪዲዮዎች እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በትልቁ ይጻፋል፤ ከሥሩ ትርጉሞቹ በቁጥር ይደረደራሉ፤ ከኋላ ሙዚቃ አለ፤ መጨረሻ ላይ «ለጓደኛዎ ያጋሩ» ይላል። በቴሌግራም ደግሞ በምስል ይመጣሉ፤ «አንድ ቃል፣ ሰባት ትርጉም» ዓይነት ናቸው። ከነሱ በፊት መንገድ ዳር የሚሸጡ ትንንሽ የቃላት መጽሐፎች ነበሩ። ቅርጹ ያው ነው፦ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ በመሀል የእኩል ይሆናል ምልክት። እኔ ይሄን ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ነው እላለሁ። ልብ ወለድ እንደምንተቸው ሊተች ይገባዋል። እኔ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች ከልብ ወለድ ይልቅ የሚያነቡት እሱን ነውና።

መጀመሪያ ውለታውን ልናገር። ነጻ ነው፣ አጭር ነው። ክፍል ገብቶ ለመማር ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ወይ በአንድ እጁ ሽንኩርት እያማሰለ ሊያየው ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ እውነት ይነግረናል፦ አንድ ቃል ሁልጊዜ አንድ ትርጉም ብቻ አይኖረውም። ይህን የማያውቅ ተማሪ ገና በመጀመሪያው የመንገድ ምልክት ላይ ይወድቃል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ዝርዝሩ ትርጉሞቹን ቆጥሮ ይሰጠናል፤ የትኛው መቼ እንደሚመጣ ግን አይነግረንም።

በራሳችን ቋንቋ እንሞክረው። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው አለ እንበል። «ጣለ» የሚለውን ቃል ልናስተምረው ነው። ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። ስልኬን ጣልኩ። እቁብ ጣልን። ለሠርጉ ድንኳን ጣሉ። የሕንፃው መሠረት ተጣለ። እናቴ ጠጅ ጣለች። ማን እንደሚሄድ ዕጣ ጣሉ። ዳኛው ቅጣት ጣለበት። ትግል ገጥሞ ጓደኛውን ጣለው። ይኸው አሥር ሞላ።

እኛ አሥሩንም ያለ ምንም ዝርዝር እናውቃቸዋለን። እቁብ ጣልኩ ሲሉት ገንዘብ ወደቀ ብሎ የሚያጎነብስ ሰው የለም። ለምን? «እቁብ» የሚለው ቃል አጠገቡ ስላለ። ከአሥሩ አንዱን የሚመርጥልን ጎረቤቱ ነው። አሁን እንቁላሉን፣ ዝናቡን፣ እቁቡንና ድንኳኑን አንሡና ለእንግዳው አሥሩን ትርጉም ብቻ በቁጥር ደርድራችሁ ስጡት። ሠርግ ቤት ሄዶ «ድንኳን ጣሉ» ሲባል ከሰማ፣ ደህና ድንኳን ለምን እንደሚጣል ሊጠይቅ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያስተማርነውን ነው የደገመው።

አክስቴም ያስተማሯትን ነው የደገመችው።

* * *

እንግዲህ ስለ ቁጥር ካነሣን፣ ቁጥሩ የት ድረስ እንደሚሄድ እንይ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ቴክ» የሚለው ግስ ብቻውን 134 ትርጉም ተሰጥቶታል። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ እትም በ1884 መውጣት ጀምሮ በ1928 ነው የተጠናቀቀው፤ በዘመናችን ሲከለስ ደግሞ «ረን» ለሚለው ግስ 645 ትርጉም ተቆጠረለት። ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ በዚህ አንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ሠርቷል። ዘጠኝ ወር! ልጅ ይወለድበታል።

ልብ በሉ፣ እንዲህ የሚያብጡት ቃላት ትንንሾቹ ናቸው። ቴክ፣ ረን፣ ጌት፣ ጎ፣ ፑት። በመጀመሪያው ሳምንት የምንማራቸው፣ «ይሄንማ አውቀዋለሁ» ብለን የምናልፋቸው። «ፎቶሲንተሲስ» ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ትርጉሙ አንድ ነው፤ አንዴ ከያዝከው አይከዳህም። ሰው በየቀኑ በእጁ የሚያነሣው ቃል ነው ወደ ብዙ ቦታ የሚሄደው። ስለዚህ ቪዲዮዎቹ «ቀላል ቃላት» የሚል ርዕስ ሲሰጧቸው ትንሽ ይሸውዱናል።

ደግሞም 645ቱን በቃሉ የያዘ እንግሊዛዊ ያለ አይመስለኝም። ቋንቋ ማወቅ ማለት ትርጉም መቁጠር ቢሆን ኖሮ እንግሊዞቹ ራሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር። እነሱ የያዙት እኛ በ«ጣለ» ላይ የያዝነውን ነው፦ ቃሉ ከነማን ጋር እንደሚሄድ።

* * *

የዝርዝሩ ሁለተኛ ጥፋት ከመጀመሪያው ይልቅ ስውር ነው። ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይከምራል። አንዱ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣ አንድ ቃል ነው። ሌላው፣ በአጋጣሚ መልካቸው የተመሳሰለ ሁለት ቃላት ናቸው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። አክስቴ የምትኖርበት ከተማ ስም ውስጥ «ስፕሪንግ» አለ። ለዓመታት ወቅቱ መስሏት ነበር፤ አበባ የሚፈነዳበት ጊዜ። ከተማዋ ግን ስሟን ያገኘችው ከምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌየር የተባለ ሰው ሚካ በሚባል ማዕድን የሚያብረቀርቅ ምንጭ አገኘ ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሐበሻ የሚኖርበት ከተማ ስሙ በአማርኛ «የብር ምንጭ» ነው።

ቪዲዮው «ስፕሪንግ፦ 1. ወቅት 2. ምንጭ 3. ሞላ 4. መዝለል» ይለናል፤ አራት ነገር ሸምድዱ ማለቱ ነው። ከመጨረሻው ብንጀምር ግን የምንሸመድደው አንድ ብቻ ነው። ቃሉ ፈንጥሮ መነሣት ነው። ውኃ ከመሬት ፈንጥሮ ሲወጣ ምንጭ ነው። ቅጠል ከቅርንጫፉ ፈንጥቆ የሚወጣበት ጊዜ ወቅቱ ነው። ተጭነኸው ስትለቀው ፈንጥሮ የሚመለሰው ብረት፣ ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያንኛ በመጣ ስም ሞላ የምንለው፣ እሱም ያው ነው። በመሀላቸው መንገድ አለ። ዝርዝሩ መንገዱን ቆርጦ ማቆሚያዎቹን ብቻ ሰጠን።

«ፋይን»ን ደግሞ ውሰዱ። «አይ አም ፋይን» ስንል ደህና ነኝ ማለታችን ነው። መኪናችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሲሆን ግን የገንዘብ ቅጣት ነው። ደህንነትና ቅጣት ምን አገናኛቸው? ሥራቸው አንድ የላቲን ቃል ነው፣ ትርጉሙም መጨረሻ ማለት ነው። ጠብን ወይም ክስን የሚጨርሰው ክፍያ አንዱ ቅርንጫፍ ሆነ። እስከ መጨረሻው የተሠራ፣ ምንም ያልጎደለው ነገር ደግሞ ሌላው ቅርንጫፍ። ይሄ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «ፍጹም» የምንለው ቃል ራሱ ከ«ፈጸመ» ነው የመጣው። የተፈጸመው ነገር ፍጹም ሆነ። እኛም በዚያው መንገድ ሄደናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሂድ። «ባት» የሌሊት ወፍ ነው፤ የኳስ መምቻ ዱላም ነው። በመሀላቸው መንገድ የለም። ከተለያየ ቦታ መጥተው አንድ መልክ የያዙ ሁለት ቃላት ናቸው። «ላይት» ብርሃን ነው፤ ቀላል፣ ክብደት የሌለው ማለትም ነው። እነዚህም ሁለት ናቸው። እኛም ጋ አሉ፦ «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው፣ «ዋና» ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። «ገና» በዓል ነው፣ «ገና» ደግሞ አልደረሰም ነው። በአፍ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፤ በጽሑፍ ግን መንታ ናቸው። እንግሊዝኛም በጽሑፍ አንድ ሆኖ በአፍ የሚለይ አለው፦ «ክሎስ» ሲሆን ቅርብ፣ «ክሎዝ» ሲሆን መዝጋት።

ይሄ ልዩነት ለምን ያስጨንቀናል? ለሁለቱ የምናጠናበት መንገድ ስለሚለያይ። ቅርንጫፍ ላለው ቃል ግንዱን መያዝ ይበቃል። ለመንታዎቹ ግንድ መፈለግ ድካም ነው፤ እንደ ሁለት ሰው ለየብቻ መተዋወቅ ብቻ ነው። አክስቴ ድብንና ክንድን የሚያገናኝ ነገር ስትፈልግ ያመሸችው ለዚህ ነው። «ቤር» እንስሳውና «ቤር» ግሱ ዘመድ አይደሉም። «አርም» ክንዱ የጥንት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ «አርምስ» መሣሪያው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው። በሁለት ቃላት መልክ አራት ቃላት ተቀምጠው ነበር።

ድቡን ከመንገዱ ካነሣነው ግን ግሱ ግልጽ ይሆናል። «ቤር» መሸከም ነው። መሣሪያ መሸከም። ዛፍ ፍሬ ሲሸከም፣ ማፍራት። እናት ልጅ ስትሸከም፣ መውለድ። ሰው መከራ ሲሸከም፣ መቻል። ስልክ ደውላችሁ የድርጅቱ ሠራተኛ «ቤር ዊዝ ሚ» ስትላችሁም «ትንሽ ቻሉኝ፣ ታገሡኝ» ማለቷ ነው። ለአክስቴ ይሄን ስነግራት «ታዲያ ተሸከመ ነዋ!» አለች። አዎ፣ በቃ፣ ተሸከመ።

* * *

አንዳንዴ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲህ የሚያደርግ ይመስል «ወይ የፈረንጅ ቋንቋ!» እንላለን። ግን ከእንግሊዝኛ የመጣውን «ካርድ» እዩት። ሆስፒታል ገብተን ካርድ እናወጣለን። ልጁ ካርድ ተቀበለ ሲባል ስንተኛ ወጣ ብለን እንጠይቃለን። የምርጫ ካርድ አለ። ስልክ ላይ ካርድ እንሞላለን። ተጫዋቹ ቀይ ካርድ አየ። ማንም «አንድ ቃል፣ አምስት ትርጉም» ብሎ አላስተማረንም። ቃሉን ከውጭ ወስደን፣ ቤታችን አስገብተን፣ በየጎረቤቱ አዙረን አለማመድነው። «ፓርቲ»ም እንዲሁ ነው። «ዛሬ ማታ ፓርቲ አለ» እና «ፓርቲው መግለጫ አወጣ» የሚሉትን ማንም አያምታታቸውም።

የቃልን ሁለት ፊት ደግሞ እኛ ከማንም ተምረን አይደለም የምናደንቀው። ሰምና ወርቅ አለን። በተለመደው ንግግር ጎረቤቶቹ አንዱን ትርጉም መርጠው ሌላውን ያባርራሉ። ባለቅኔው ግን ጎረቤቶቹን ሆን ብሎ ይመርጣቸዋል፣ ሁለቱም ትርጉሞች በሕይወት እንዲቆዩ። እንግሊዞችም ይሄን ይቀልዱበታል፤ «ፋይን ፎር ፓርኪንግ» የሚል ምልክት ያየ ሾፌር «ለማቆም ጥሩ ነው» ብሎ መኪናውን አቆመ የሚል የቆየ ቀልድ አላቸው። ሰሙ ጥሩ ቦታ፣ ወርቁ ቅጣት። ቅኔ የሚገባው ሕዝብ ይሄ አይከብደውም። የሚከብደን ቃሉን ብቻውን፣ ጎረቤት አልባ አድርገው ሲሰጡን ነው።

* * *

ታዲያ ምን ይሻላል? አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሲያጠና የኖረው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ስሙ ላይ ራሱ «ዐውድ» የሚል ቃል አለበት፤ የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በዓረፍተ ነገርና በሐረግ ውስጥ አስቀምጦ፣ ያንኑ በአማርኛ ይመልሰዋል። ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው፤ ይከብዳል፣ በቀላሉ አይገኝም፣ ቋንቋውም የዚያን ጊዜ ነው። ኪስ ውስጥ ገብቶ አክስቴን ታክሲ ላይ አያስተምራትም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ ለስልክም አይከብድም። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አሥር ትርጉም ከሚደረድር ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል? ምናልባት «አሥር» የሚለው ቁጥር ብቻ። ቁጥሩ ደግሞ ለተመልካች ነው የሚጠቅመው እንጂ ለተማሪ አይደለም።

እኔና አክስቴ በስልክ ያደረግነው ይሄንኑ ነው። ለዜግነት ፈተና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጡትን 100 ጥያቄዎች ይዘን ተቀመጥን። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 በፊት ላመለከተ ሰው ከነሱ እስከ አሥር ይጠየቅ ነበር፣ ስድስት የመለሰ ያልፍ ነበር። ጥያቄዎቹን እንደ ቃላት ደብተር ስናነባቸው የሚገርም ነገር አየን፤ በባለ ብዙ ትርጉም ቃላት የተሞሉ ናቸው። «ብራንች» የዛፍ ቅርንጫፍ ነበር፣ የባንክ ቅርንጫፍም ነበር፣ እዚያ የመንግሥት አካል ነው። «ጀስቲስ» ፍትሕ ነበር፣ እዚያ «ስንት ናቸው?» ተብለው የሚቆጠሩ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው። «ካፒታል» የነጋዴ ገንዘብ ነበር፣ እዚያ ዋና ከተማ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍን፤ አንዱ ከጥያቄው፣ ሌላው ከራሷ ኑሮ። ትርጉም የሚል ዓምድ ከደብተሩ ጠፋ።

ያስቸገረን «ቢል» ነው። «ቢሎች ሕግ እንዲሆኑ የሚፈርመው ማነው?» ይላል አንዱ ጥያቄ። አክስቴ ቢል የምታውቀው የመብራት፣ የውኃ፣ የስልክ ነው። «እኔ ነኛ የምከፍለው፣ ማን ሊፈርምልኝ ነው!» አለች። የብር ኖትም ቢል ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ስምም ውስጥ ቢል አለ። ግንዱን ስንፈልግ አንድ ነገር አገኘን፤ ሁሉም ወረቀት ናቸው። የሚከፈል ወረቀት፣ የሚመነዘር ወረቀት፣ ሕግ ለመሆን የቀረበ ወረቀት፣ መብት የተጻፈበት ወረቀት። ያኔ አክስቴ ዝም አለችና፣ «እኛም እኮ ወረቀት አገኘች ስንል ወረቀት ማለታችን አይደለም» አለች። እሷ ያን ወረቀት ለማግኘት ስንት ዓመት እንደጠበቀች አውቃለሁ። ምንም አልጨመርኩም።

ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ ከመኪና ማቆሚያው ደወለችልኝ። ቢሎቹን ማን እንደሚፈርም ጠየቋት፤ ፕሬዝዳንቱ አለች። ዋና ከተማ ጠየቋት፤ መለሰች። ስድስቱ ሲሞሉ አቆሙ። ቅጹንም አለፉት፤ «ቤር አርምስ» ላይ ሲደርሱ ፈቃደኛ መሆኗን ብቻ ጠይቀው ቀጠሉ፣ ትርጉሙን አልጠየቋትም።

«ያን ሁሉ ቀን ያጠናነውን ቤር ሳይጠይቀኝ ቀረ» አለችኝ እየሳቀች፤ «ተሸክሜው ተመለስኩ።»